የርብቃ ቅምሻ

በሁለት ሺህ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስመኝ የሳሎኗን ሶፋ ወደ ግድግዳ ገፍታ ወለሉን በዕቃ ሞላችው። ውኃ የማያስገባው የካሜራ ሳጥን፣ ሁለት ፍላሾች፣ ጥቃቅን ነገር አጉልቶ የሚያነሣው ማክሮ ሌንሱ፣ የመጥለቂያ መነጽሯ፣ በትንንሽ ከረጢት የተቋጠረ እርጥበት መምጠጫ። የሳጥኑን የጎማ ቀለበት አውጥታ ዙሪያውን በጣቷ ዳሰሰችው። አንዲት ፀጉር ብትቀርበት ባሕሩ ገብቶ ካሜራውን ይበላዋል። ንጹሕ ነበር። ከአንድ ሰዓት በፊት ስታየውም ንጹሕ ነበር። ቅባቱን ጠርጋ እንደገና ቀባችው።

ጉዞው አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።

በር የሚያንኳኳ ጎረቤት ሁሉ ዕቃውን ሲያይ የሚጠይቃት አንድ ጥያቄ ነበር፤ ቀመስሽው ወይስ ትሄጂያለሽ? እሄዳለሁ ስትል ወሬ ይቀይራሉ። በቢሾፍቱ ሰው ወደ አንድ ቦታ ሊሄድ ሲያስብ መጀመሪያ ቅምሻ ቤት ጎራ ይላል። ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ መሣሪያው ጉዞው እንዴት እንደሚሆን አስቀድሞ አስልቶ እንደኖረው አድርጎ ያሳልፈዋል፤ ሲነሣ ጉዞው የሚያወጣለትን ፎቶ፣ የሚበላውን ምግብ ጣዕም፣ ትከሻው ላይ የሚቀረውን የፀሐይ ቃጠሎ ሳይቀር ይዞ ይወጣል። ከዚያ መሄድ ለማን ይጠቅማል? አብዛኛው ሰው ከቅምሻው አያልፍም። በሐይቆቹ ዳር ከነበሩት ሆቴሎች በራቸውን ያልዘጉት ሁለት ናቸው። ወደ ምሥራቅ የሚበረው አውሮፕላን የሚነሣው በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ብቻ ነው። የስመኝ የሥራ ባልደረባ የልጇን ሠርግ አስቀድማ ቀምሳው ነበርና እውነተኛው ሲደርስ ደበዘዘባት፤ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጣ ሰዓቷን ታይ ነበር። ቀምሰው የማይበቃቸውን፣ ተነሥተው የሚሄዱትን ሰዎች መንገደኛ ይሏቸዋል። ቃሉ ስድብ አይደለም፤ ሲነገር ግን ድምፅ ዝቅ ይላል።

ስመኝ አምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሥራዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ መቅረጽ ስለሆነ ዐይኗ ጥቃቅን ነገር ማየት ለምዷል። መጥለቅ የጀመረችው እዚያው ባቦጋያ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ከጓደኛዋ ከርብቃና ከርብቃ ባል ከይትባረክ ጋር። ሦስቱ አሥራ ሰባት ዓመት አብረው ጠልቀዋል። ሌላው ጠላቂ ትልቅ ዓሣ ሲያሳድድ እነሱ ሆዳቸው አሸዋ ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ የገብስ ፍሬ የማታህል፣ ሽሪምፕ የምትባል ባለ ብዙ እግር የባሕር ፍጥረት ፊት ተንሳፈው ፎቶ ሲያነሡ ይውሉ ነበር።

ዋይሜራን ያገኘላቸው ይትባረክ ነው። በሩቅ ምሥራቅ፣ በቅርንፉድ ደሴቶች ያለ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ ክረምቱ እንደኛው ሐምሌና ነሐሴ ይወድቃል። ዝናቡ ከተራራው ቅጠሉን፣ ጭቃውን፣ የኮኮናቱን ልጣጭ እየጠረገ ባሕር ውስጥ ይከተዋል። ውኃው ይደፈርሳል፤ ከሦስት ሜትር ወዲያ ምንም አይታይም። በዚህ ወቅት ሌላ ሰው አይሄድበትም። ማክሮ ለሚያነሣ ግን ከዚህ የተሻለ ወቅት የለም፤ ያ ሁሉ ጥራጊ ለጥቃቅኖቹ ቀለብ ስለሆነ ጥቁሩ አሸዋ ላይ ይርመሰመሳሉ፤ የሚነሣው ፍጥረት ደግሞ ከሌንሱ አንድ ስንዝር ስለማይርቅ ድፍርሱ ግድ አይሰጥም።

ስመኝ በየሁለት ቀኑ እዚያ ላለው የጠላቂዎች መሪ ለዮፒ ትደውል ነበር። ዮፒ የስድሳ ዓመት ሰው ነው። ወንዙ ሞልቶ እንደሆነ፣ ጀልባው ተጠግኖ እንደሆነ፣ ከቤቱ እስከ ባሕሩ ያለው መንገድ እንዳልተናደ ትጠይቀዋለች። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እየዘነበ ነው፣ ሁሉም ደኅና ነው። አንድ ቀን ግን ሰምቷት ሲያበቃ፣ ይህን ሁሉ የምትጠይቂኝ ስለ ዝናቡ ነው ወይ አላት። ወደ አየር ሲሊንደሮቹ ጉዳይ ተሻገረች።

ይትባረክ የሞተው ዋይሜራ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በዚሁ ወር። የዚያን ቀን ርብቃ ጆሮዋን ታምማ ዳር ላይ ቀርታ ነበር። ስመኝና ይትባረክ ሁለቱ ዘጠኝ ሜትር ወረዱ። ስመኝ አንዲት ፀጉራም ቀይ ሽሪምፕ አገኘች፤ ለዓመታት ስትፈልጋት የኖረች። ፎቶ አንሥታት ስትጨርስ ቀና አለች። ይትባረክ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ርቆ አሸዋው ላይ በጎኑ ተኝቷል፤ የአየር መሳቢያው ከአፉ ወጥቷል። ሐኪሙ ልቡ ናት አለ። ርብቃ ሐኪሙን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው፤ ተሠቃይቶ ይሆን? ስመኝን ግን ምንም አልጠየቀቻትም። ለሦስት ዓመት አልጠየቀችም።

ብትጠይቃት ስመኝ የምትነግራት ነገር ነበራት። ሦስቱ ሲጠልቁ የሚጠብቁት ሕግ ነበራቸው፤ ያወጣውም ይትባረክ ነው። በየአምስቱ ፎቶ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ቀና ማለት፣ ጓደኛን ማየት፣ እሱም ሲያይሽ ምልክት መስጠት። ስመኝ ያቺን ሽሪምፕ አርባ አንድ ጊዜ አነሣቻት። ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ መጨረሻው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። አንድም ጊዜ ቀና አላለችም።

በመጋቢት ርብቃ ራሷ መጥታ፣ ክረምት ሲገባ ወደዚያ ውሰጂኝ፣ የወደቀበትን ቦታ ማየት እፈልጋለሁ ስትላት፣ ስመኝ እሺ ለማለት ጊዜ አልፈጀባትም። እዚያ፣ ውኃው ዳር ቆመው እነግራታለሁ ብላ ወሰነች። ከአራት ወር በላይ የፈጀው ዝግጅት፣ የጎማ ቀለበቱ፣ የዮፒ ስልክ፣ ሁሉ የዚያች ቀን ዝግጅት ነበር።

ርብቃ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣች። ጃንጥላዋን በር ላይ አራገፈች። የዶሮ እርባታ ሐኪም ናት፤ ከሥራ ስትመጣ ልብሷ ላይ ሁልጊዜ የጫጩት ላባ አይጠፋም። ስመኝ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ግን ፊቷን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልተኛ ሰው ፊት ነበራት፤ ዛሬ ጠግቦ ተኝቶ የነቃ ሰው ፊት ሆኗል።

ርብቃ ወለሉ ላይ የተዘረጋውን አየችና ፈገግ አለች።

"ይህን ሁሉ ለምን ትለፊያለሽ ስሜ?"

ከዚያ ተቀምጣ በእርጋታ ነገረቻት። ሐሙስ ዕለት ቅምሻ ቤት ሄዳ ነበር። ለመልመድ ያህል ነበር፤ ቦታውን ድንገት ስታየው እንዳትደነግጥ። የጉዞውን ስምንት ቀን ግን በአንድ መቀመጫ፣ ሳታቋርጥ ቀመሰችው። በሌላ ሰው ቅምሻ ውስጥ ለመግባት የሚፈለገው የስመኝ ፈቃድ በሰኔ ሁለቱም ለጉዞው በፈረሙት ወረቀት ውስጥ ስለነበር ስመኝም ውስጡ ነበረች፤ ዮፒም፣ ጀልባውም። ይትባረክ የወደቀበት አሸዋ ላይ እጇን አኑራለች። አልቅሳለች። አሁን መሄድ አትፈልግም፤ ምክንያቱም ሄዳ መጥታለች። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሳልነግርሽ ነው የሄድኩት አለች፤ ቀጥላ ደግሞ ስመኝ አብራት እንደነበረች ትዝ ሲላት ሳቀች።

"አራተኛው ቀን ላይ ነው የነገርሽኝ" አለች። "ዝናቡ አላስወርድ ብሎን ዳሱ ሥር ተቀምጠን ሳለ።"

"ምን ነገርኩሽ?" አለች ስመኝ።

"የሆነውን ነዋ። በየአምስቱ ቀና ትይ እንደነበር። ለአራተኛ ጊዜ ቀና ስትይ የደኅና ነኝ ምልክት እንዳሳየሽ፣ ሣቅ እንዳለም። ቀጥለሽ ቀና ስትይ ተኝቶ ነበር። እኔ እኮ ሦስት ዓመት ልጠይቅሽ ፈርቼ ነው የኖርኩት። ምን ትለኝ ይሆን ብዬ። አንቺ ግን ሳልጠይቅሽ ነገርሽኝ።" የስመኝን እጅ ያዘች፤ እጁ ቅባት ነክቶት ስለነበር ሁለቱም ጣታቸው ተጣበቀ። "በልቤ ተጣልቼሽ ነበር። አሁን ታርቄሻለሁ።"

ስመኝ መጣላታቸውንም አታውቅም ነበር። ርብቃ አቅፋት፣ የጉዞውን መሰረዣ በዚህ ሳምንት እንድትልክ አስታውሳት፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ ወጣች። ስመኝ ከወለሉ ላይ አንዱንም ዕቃ አላነሣችም። በዕቃው መሐል እየተራመደች ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ስትመላለስ ቆየች።

ሰኞ ሥራዋን ከምሳ በፊት ጥላ ቅምሻ ቤት ሄደች። አቅማሹ አቶ ቶሎሳ ይባላሉ፤ በአምሳዎቹ መጨረሻ ያሉ፣ ቀድሞ የአስጎብኚ ድርጅት ሠራተኛ የነበሩ፣ ቃላቸውን መርጠው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሰው በሌላ ሰው ቅምሻ ውስጥ ከገባ የራሱን ድርሻ የማየት መብት አለው። ስመኝ ያን ጠየቀች። አቶ ቶሎሳ ወረቀቱን አስፈረሟትና ወደ አንዲት ጠባብ ክፍል አስገቧት።

ዳሱ ሥር ተቀምጣ ራሷን አየች። እርጥብ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ነበር። ያቺ ሴት ከመናገሯ በፊት የታችኛ ከንፈሯን በጣቷ ነካ አደረገች፤ ስመኝ ልክ እንዲሁ ታደርጋለች። ዐይኗን ወደ ባሕሩ አዞረች። ከዚያ ነገረቻት፤ በየአምስቱ ቀና እንዳለች፣ ምልክቱን እንዳየች፣ ሣቅ እንዳለ። ድምፅዋ አንድ ቦታ ላይ ተቆረጠ፤ መቆረጥ ያለበትም እዚያ ነበር። ከተናገረችው ውስጥ ስመኝ የማትለው አንድ ቃል አልነበረም። እያዳመጠችም ሳለ የይትባረክ እጅ ለምልክት ድፍርሱ ውኃ ውስጥ ሲነሣ በዐይኗ መጣባት፤ ያየችው እስኪመስላት ድረስ።

ስትወጣ አቶ ቶሎሳ ጠረጴዛቸው ጋ ነበሩ።

"ውሸት ነው" አለቻቸው። "እንዲህ አልሆነም።"

"ወይዘሮ ስመኝ፣ ቅምሻ የሆነውን አያውቅም" አሉ። "እርስዎ ምን እንደሚሉ ነው የሚያውቀው።"

"ሌላ ነገር ልል እችላለሁ።"

አቶ ቶሎሳ ወደ ሰሌዳቸው አዩ። ለደንበኛ የሚሰጠው አንዱ ነው እንጂ የሚዘጋጀው መቶ ነው ብለው አስረዷት። ከመቶው በዘጠና ሰባቱ ያንኑ ብላለች፤ ቃሉ እዚህም እዚያም ይለያይ እንደሆነ ነው። በሁለቱ ወሬው ጨርሶ አልተነሣም።

"አንዱስ?"

"በአንዱ እርስዎ ከአየር ማረፊያ ተመልሰዋል።"

ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ክፋት አልነበረም። የሚቀጥለው ደንበኛ፣ ጡረታውን ሊቀምስ የመጣ ሰው፣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

ቀጥለው የመጡት ቀናት ለስመኝ ክፉ ነበሩ። አንድ ክራንቻ ሁለት ጊዜ ቀርጻ ሁለቱንም ጊዜ አበላሸችው። አለቃዋ ዕረፍትሽን ቀድመሽ ውሰጂ አላት። ቤት መቀመጥ አልቻለችም፤ በዝናቡ የባቦጋያን ዳር ዞረች፤ በተዘጉት ሆቴሎች አጥር ሥር አለፈች፤ ጫማዋ ጭቃ እንደያዘ ተመልሳ ሻንጣውን ፈታች፣ አሠረች፣ ፈታች። ርብቃ በየቀኑ ትደውልላት ጀመር። በዋይሜራ የበሉትን ዓሣ፣ የዮፒን ሚስት ቀልድ እያነሣች ትስቃለች። ስመኝ እኔ አልነበርኩም ማለት ከበዳትና እሷም ሣቅ አለች።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ርብቃ እየተኛች ነው። ሰው በስንት መከራ ያገኘውን እንቅልፍ ማን ሄዶ ይቀሰቅሳል? ስመኝ ይህን ለራሷ ደጋግማ ነገረችው፤ ትክክልም መሰላት። ነገር ግን ያቺ ከንፈሯን የምትነካ ሴት ከፊቷ አልጠፋ አለች። ያስፈራት ውሸቱ ብቻ አልነበረም። መቶ ጊዜ ተልካ፣ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ በዚያ ባሕር ዳር ቆማ፣ አንዲት ስመኝ እንኳ እውነቱን አለመናገሯ ነው።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ወደ ርብቃ ሥራ ቦታ ሄደች። የርብቃ ቢሮ ከጫጩቶቹ አዳራሽ የሚለየው በአንድ መስታወት ነው፤ ወዲያ ማዶ የሺዎች ጫጩት ጫጫታ ይሰማል። ርብቃ ስታያት ደስ ብሏት ወንበር ሳበችላት። ስመኝ አልተቀመጠችም።

"ስለ ይትባረክ ልነግርሽ ነው የመጣሁት" አለች።

"ነግረሽኛል እኮ።"

"እኔ አይደለሁም የነገርኩሽ። እኔ ስነግርሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።"

ነገረቻት። ብዙ ቃል አልፈጀም። ሽሪምፗን፣ አርባ አንዱን ፎቶ፣ አሥራ አንዱን ደቂቃ፣ አንድም ጊዜ ቀና አለማለቷን። ምልክት አላየችም፤ ሣቅም አልነበረም። ስትጨርስ ርብቃ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን እስክሪብቶ አንሥታ ክዳኑን ገጠመችው።

"ለምን ነገርሽኝ?" አለች። "ተኝቼ ነበር እኮ።"

ስመኝ መንገድ ላይ ያዘጋጀችው መልስ ነበራት፤ ስለ እውነት፣ ስለ ጓደኝነት። ያንን ተወችው።

"ያቺ ሴትዮ እኔን መስላ ስትዋሽሽ አየኋት" አለች። "ትመስለኛለች። በጣም ነው የምትመስለኝ።"

ርብቃ ፎቶዎቹን አሳዪኝ አለቻት። ስመኝ ይዛቸው መጥታ ነበር፤ ለምን እንደያዘቻቸው ግን ለራሷም አልገባትም። ርብቃ ግድግዳው ላይ አሳየቻቸው፤ የታመመ ዶሮ ሳንባ የምታይበት ሰሌዳ ላይ። ሽሪምፗ ክንድ አክላ ወጣች፤ ቀይ ፀጉሯ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ዐይኗ እንደ ሮማን ፍሬ ያበራል። ከጀርባዋ ጥቁር ነው። ርብቃ አንድ በአንድ ታሳልፍ ጀመር። ዘጠነኛው ላይ ቆመች። ወደ ኋላ መለሰች። እንደገና ወደ ፊት።

"ይህ ምንድን ነው?"

በፎቶው ላይኛ ጥግ ብዥ ያለ ቢጫ ነገር ነበር፤ ጠብታ የሚያህል። ስመኝ ፎቶዎቹን ሦስት ዓመት ደብቃቸው ስትኖር አንዳንዴ ከፍታ አይታቸዋለች፤ ያየችው ሁልጊዜ ሽሪምፗን ነው። አላውቀውም፣ ምናልባት ቅጠል ነው አለች።

"የእግሩ መቅዘፊያ ነው" አለች ርብቃ። "ቢጫ የገዛሁለት እኔ ነኝ። ድፍርስ ውኃ ውስጥ እንዲታይ።"

ከዚያ በኋላ ሽሪምፗን አላየቻትም። ጥጉን ብቻ እያየች አሳለፈቻቸው። ቢጫው አሥረኛው ላይ የለም። አሥራ ሁለተኛው ላይ ወደ ቀኝ ሸሽቷል፤ አሥራ አምስተኛው ላይ ከፍ ብሏል። ሃያ ሦስተኛው ላይ ዝቅ ብሎ ጥጉ ሥር ተኛ። ሃያ አራተኛውም ላይ እዚያው ነው። ሃያ አምስተኛውም፣ ሃያ ስድስተኛውም። ርብቃ ማሳለፏን አላቆመችም፤ እስከ አርባ አንደኛው ድረስ እያንዳንዱ ላይ እኩል ጊዜ ቆየች። ቢጫው ከቦታው አልተነቃነቀም።

"ከሃያ ሦስተኛው እስከ መጨረሻው ስንት ደቂቃ ነው?"

ስመኝ ፎቶዎቹ የተነሡበትን ሰዓት አየች። "አምስት ደቂቃ" አለች።

"አምስት ደቂቃ።" ርብቃ ሰሌዳውን አጠፋችው። "ፎቶ ውስጥ አስገብተሽዋል። አስገብተሽው አላየሽውም።"

አልጮኸችም። ስመኝ ብትጮህባት ትመርጥ ነበር። ርብቃ ልብሷ ላይ ያለውን ላባ አንሥታ ቅርጫት ውስጥ ጣለችና፣ በሁለት ቃል ብቻ፣ አሁን ሂጂ አለቻት።

ከዚያ በኋላ ርብቃ ስልኳን አላነሣችም። አርብም፣ ቅዳሜም፣ እሑድም። ሰኞ ስመኝ ለዮፒ ደውላ ብቻዬን ነው የምመጣው አለችው። ለምን እንደምትሄድ ራሷን ጠይቃ ጥሩ መልስ አላገኘችም። ፎቶ ልታነሣ አልነበረም፤ ማክሮ ሌንሱን ከሻንጣው አውጥታ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች። ብቻ ከአየር ማረፊያ የምትመለሰውን ያቺን አንዷን መሆን አልፈለገችም።

ማክሰኞ ጠዋት የአየር ማረፊያው አዳራሽ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ለአራት መቶ ሰው የተሠራ ቤት ውስጥ መንገደኞቹ ዘጠኝ ነበሩ፤ እርስ በርስ ላለመተያየት ተራርቀው ተቀምጠዋል። መዝጋቢዋ የስመኝን ወረቀት ተቀብላ፣ ቀምሰውታል ወይ ብላ ጠየቀቻት። የግዴታ ጥያቄ ነው። አልቀመስኩም አለች። መዝጋቢዋ ቀና ብላ አየቻትና፣ እንግዲያው ምን እንደሚጠብቅዎ አያውቁም የሚል ወረቀት ሰጥታ አስፈረመቻት።

ስትፈርም ከኋላዋ የሻንጣ ጎማ ድምፅ ሰማች። ርብቃ ነበረች። ካፖርትዋ ከትከሻው ርሷል። ፊቷ እንደ ድሮው፣ ያልተኛ ሰው ፊት ነው። ስመኝን ሰላም አላለቻትም። መዝጋቢዋ ያንኑ ጥያቄ ስትጠይቃት፣ ቀምሼ ነበር፣ መዝገቡን አስጠፍቼዋለሁ አለች።

በአውሮፕላኑ ውስጥ በሰባት ረድፍ ተለያይተው ተቀመጡ። ሁለት ጊዜ አውሮፕላን ቀየሩ፤ ከዚያ ጀልባ። በዚያ ሁሉ መንገድ ርብቃ የተናገረችው የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ነው፤ ያንን ሻንጣ አቀብይኝ፣ ፓስፖርትሽን እንዳትረሺ። ስመኝም ከዚያ በላይ አልሞከረችም። እንቅልፍ ሲወስዳት እየባነነች ወደ ኋላ ዞር ትላለች፤ ርብቃ በእያንዳንዱ ጊዜ ዐይኗን ገልጣ ነበር።

ዋይሜራ ሲደርሱ ዝናቡ ተራራውን ሸፍኖታል። ዳስ አልነበረም፤ ባለፈው ዓመት ነፋስ ወስዶታል። ከሦስት ዓመት በፊት ያላገኟት የዮፒ ሚስትም ቀልደኛ አልነበረችም፤ ዝምተኛ፣ ወገቧን የሚያማት ሴት ናት። ዮፒ ራሱ ርብቃን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ይትባረክን ከውኃ ያወጣው እሱ ነው። ርብቃም ሰላምታ ሳትጨርስ፣ ሻንጣው ሳይፈታ፣ ቦታውን አሳየኝ አለችው። ዛሬ ወንዙ ሞልቷል፣ ምንም አታዪም ቢላት፣ ለማየት አይደለም አለች።

ስመኝ የመጥለቂያ ልብሷን ልታወጣ ጎንበስ አለች።

"አንቺ እዚህ ቆዪ" አለቻት ርብቃ።

ቆየች። ርብቃና ዮፒ እየተረማመዱ እስከ ደረታቸው ገቡ፤ ከዚያ ቡናማው ውኃ ሁለቱን ዋጣቸው። አረፋቸው ለጥቂት ጊዜ ታየ፤ የዝናቡ ጠብታ ውኃውን የሚፈላ ድስት ስላስመሰለው አረፋው ከጠብታው የማይለይ ሆነ። ስመኝ የሚሠራ ነገር አልነበራትም። ካሜራ የለም፣ የምትጠርገው ቀለበት የለም፣ የምትደውልለት ሰው የለም። ቆማ ባሕሩን ማየት ብቻ ነበር። የዮፒ ሚስት ላስቲክ አምጥታ ትከሻዋ ላይ ጣለችላትና ተመለሰች። ስመኝ ሳይታወቃት እስከ ጉልበቷ ውኃው ውስጥ ገብታ ነበር። እየተንጠራራች ታያለች፤ አሁን ይወጣሉ፣ አሁን። ሩብ ሰዓት አለፈ። ግማሽ ሰዓት። ርብቃ ለሦስት ዓመት አልጠለቀችም፤ ብትደነግጥስ? ዮፒ አርጅቷል፤ ዐይኑ ደክሞ ቢሆንስ? ሦስት ዓመት ሙሉ የሆነውን ስታስብ ኖራ፣ ዳር ላይ ቆሞ መጠበቅ ምን እንደሚመስል አንድም ቀን እንዳላሰበች ገባት። ርብቃ የዚያን ቀን እዚሁ ነበር የቆመችው።

መጀመሪያ የዮፒ ራስ ወጣ። ከዚያ ርብቃ። እየተንገዳገደች ወደ ዳር መጣች፤ ሲሊንደሩ ከብዷት ወገቧ ጎብጧል። መነጽሯን አወለቀች። ዙሪያው ፊቷ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ስመኝ ፊት ስትደርስ ቆመች።

"ዝናቡ ይሰማል" አለች።

ስመኝ አልገባትም።

"ታች ነው የምልሽ። እዚያ ድረስ ይሰማል። እንደሚቆላ እህል ይንጣጣል፣ ከላይሽ፣ በሁሉም በኩል።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "በቅምሻው ጸጥ ያለ ነበር። እኔም ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው፤ ጭር ያለ ቦታ፣ ብቻውን። የዚያን ቀን ዘንቦ ነበር?"

"ቀኑን ሙሉ።"

"አንቺ ሰምተሽው ነበር?"

ስመኝ አዎ ብትላት ርብቃ የምታውቅበት መንገድ አልነበረም። ጣቷ ወደ ከንፈሯ ሲሄድ ተሰማትና አወረደችው።

"አልሰማሁም" አለች። "ምንም አልሰማሁም። እሱ ግን ይሰማ ነበር። ካሜራ አልያዘም ነበር ያን ቀን።"

ርብቃ አየቻት። ዝናቡ በሁለቱም ፊት ላይ ይወርዳል። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ እንደዚያ የሚል ነገር ፊቷ ላይም አልነበረም። ዮፒ ሊረዳት እጁን ሲዘረጋ ራሷን ነቀነቀችለትና ዞረች፤ ለስመኝ ጀርባዋን ሰጠቻት፤ ሲሊንደሩን እንድታወርድላት።

ማሠሪያው በውኃ ጠብቆ ነበር። ስመኝ ፈታችው። ከባድ ነው፤ በሁለት እጇ ያዘችው።